ለጭቃም ለተጎታችም የሚሆን የፒክአፕ ጎማ
ሰላም ወንድሜ። ጭቃና ድንጋያማ መንገድ የሚችል፣ ተጎታች ለመሳብም የሚሆን አንድ ጎማ ይኖራል ወይ ብለሃል። አለ፤ እኔ ኦል ቴሬን (ለአስፋልትም ከአስፋልት ውጭም የሚሆን ጎማ) ያዝ ነው የምልህ። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ትልልቅ ስለሆነ ጭነት ሲበዛበት አስፋልት ላይ ይዋልላል። ጩኸቱም አያድርስ ነው!

ከጥርሱ በላይ ግን ጎኑን እይ። ጎኑ የሚልፈሰፈስ ከሆነ ተጎታቹ ያወዛውዝሃል። "ኤልቲ" (LT፣ የቀላል ጭነት መኪና ጎማ ማለት ነው) የሚል ያለበትን፣ ሎድ ሬንጅ ኢ (Load Range E፣ ከባድ ጭነት የሚችል የጥንካሬ ደረጃ) የሆነውን ፈልግ። ጎኑ ላይ የተጻፈው የጭነት ቁጥር 121 ከሆነ፣ አንዱ ጎማ በሙሉ ንፋሱ 1,450 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ተጎታቹ የኋላ ጎማዎች ላይ የሚያሳርፈውንም ክብደት ደምረህ አስላ።

አደራህን፣ አሸዋ ላይ ንፋስ ከቀነስክ ተጎታች ከመሳብህ በፊት መልሰህ ሙላ። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ጭነት ሲበዛበት ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል።