ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ስናደድ የእናቴን የግፊት ኪኒን እውጣለሁ»

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? ባህር ዳር ባጃጅ እሰራለሁ፣ 41 ዓመቴ ነው። ትንሽ ነገር ያናድደኛል፣ ያኔ ጆሮ ግንዴ ይመታል፣ ጭንቅላቴ ይወጠራል። ባለፈው ስለካ 160/100 አሉኝ። የእናቴ የግፊት ኪኒን ቤት ስላለ የተናደድኩ ቀን አንድ እውጣለሁ። አባቴ ከሰው ተጣልተው በዛው ወድቀው ነው ያረፉት። አስቀድሳለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ቁጣው ግን አልለቀቀኝም። ጋኔን ነው ወይስ በሽታ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የፈራኸው እንደ አባትህ መውደቅን ነው፣ ከሱ ልጀምር። ሰው ሲናደድ ልቡ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ሲበርድለት ይወርዳል፣ ጤነኛ ሰው በዚህ ይወድቃል ማለት ዘበት ነው። መነሻው ራሱ 160 ሲሆን ነው ችግሩ። አባትህም ሳይታወቅላቸው የኖረ ግፊት ኖሯቸው ይሆናል፣ ጸቡ ሰበብ ሆነ እንጂ። ያንተ ግን በጊዜ ታውቋል፣ ይታከማል፣ አይዞህ።

ኪኒኑን ግን ማን አዘዘልህ?! የግፊት መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን ባመመህ ቀን የሚዋጥ አይደለም፣ በየቀኑ በሰዓቱ ሲወሰድ ነው የሚይዘው፣ ለእናትህ የተስማማው ላንተ ላይስማማ ይችላል፣ ደሞ አንተ በወሰድክባቸው ቁጥር እሳቸው ቀን ይዘላሉ ማለት ነው። እባክህ ተው።

አሁን ደሞ ግፊት ስለሚያመጣው ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይ ሲፈነዳ) ሁሌ የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። እኛ አገር ሰው ፊቱ ድንገት ከተጣመመ «ምች መታው» ይባልና ዳማከሴ ይታሻል፣ ተሸፋፍኖ ይተኛል፣ ጎረቤት እየመጣ የየራሱን ያዛል፣ ሐኪም ቤት የሚመጣው በሦስተኛው ቀን እጁም እግሩም አልታዘዝ ሲለው ነው። ቀለል ያለ የፊት ነርቭ ችግርም አለ፣ ግን ቤት ተቀምጦ ያንን ከስትሮክ መለየት አይቻልም። ፊት ከተጣመመ፣ ባንድ በኩል እጅ ወይ እግር ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ አንዷ ብቻ ብትሆንም ድንገት ከመጣች ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሱ። ፈገግ በል በሉት፣ ሁለት እጁን ያንሳ፣ ስሙን ይናገር። በአፉ ምንም አትስጡት፣ ውሃም ኪኒንም፣ ትን ይለዋል። የጀመረበትን ሰዓት ያዙና ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የቀረበው ጋ ይዛችሁት ሩጡ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ እንኳ ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ ከቆየ በአብዛኛው አይሰጥም፣ ዳማከሴ ስትወቅጡ ያልፋል። ይሄን ለሚስትህም ንገራት፣ አንተ ያኔ መናገር ላትችል ትችላለህ።

ጋኔን ነው አይደለም የሚለውን የንስሐ አባትህ ይንገሩህ፣ 160/100 ግን ማሽን የለካው ነው። ጸበል ብትጠመቅ ደስ ይለኛል፣ ሐኪም ያዘዘልህን መድኃኒት ግን በሱ ሰበብ አታቋርጥ። በቁጣህም ከእምነት የወጣህ አይምሰልህ፣ ኤፌሶን 4፥26 «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» ነው የሚለው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨርሱት ነው። ለንስሐ አባትህ «ተቆጣሁ» ብቻ ብለህ አትመለስ፣ መቼ እንደሆነም ንገራቸው፦ ቤንዚን ሰልፍ ላይ? ሳትበላ ውለህ? ሳትተኛ አድረህ? ጫትስ? አልጻፍክልኝም፣ ግን ጫት ግፊትም ይጨምራል፣ ምርቃናው ሲወርድ ደሞ ሰው መነጫነጩን አንተ ራስህ ታውቀዋለህ።

ሲነሳብህ ባጃጇን ዳር አስይዝ፣ ሞተር አጥፋ፣ ውረድ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስን 12 ጊዜ ቀስ ብለህ በል፣ በየመሐሉ ትንፋሽህን ረዘም አርገህ አውጣ፣ ጸሎትም ነው፣ ልብንም ያረጋጋል። ቤት ውስጥ እጅህ የሚነሳ ከሆነ ግን ይሄ አይበቃም፣ ዛሬውኑ እርዳታ ጠይቅ፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄድ ነውር የለውም።

በዚህ ሳምንት ሂድና ተመርመር። ቡና ጠጥተህ ወይ አጭሰህ ወዲያው አትለካ፣ ግማሽ ሰዓት ይለፈው፣ 5 ደቂቃ ጀርባህን አስደግፈህ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ በሌላ ቀንም ድገመው። እናትህንም ይዘሃቸው ሂድ፣ ስንት ኪኒን እንደጎደላቸው ሳትደብቅ ንገርና የሳቸውም ይታይ።