ጠመኔ የሚዘቅጥበት ጠርሙስ

ውድ ልጆች፣

35 ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ከርሜ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚህ ዕድሜ አብዛኛውን የወሰደብኝ ሳልሞኔላ ነው፤ በጥሬ ሥጋ፣ በእንቁላል፣ ባልፈላ ወተትና በደንብ ባልታጠበ ሰላጣ ገብቶ አንጀት የሚያቆጣው ባክቴሪያ። ሥራ የምትጀምሩ ልጆች ስታገኙኝ «ምን ይመክሩናል?» ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ ያንን ጥያቄ ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ ጠርሙስ ነው።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነበር። ሰርግ በልተው የታመሙ ሰዎች ነበሩና ከድግሱ የተረፈ ክትፎ በፌስታል ታስሮ መጣልን። ውጤቱ ቶሎ ይፈለጋል ተባለ። እኔም ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ጎበዝ፣ ክትፎውን በጥብጬ በቀጥታ ባክቴሪያ በሚበቅልበት ሳህን፣ ማለትም ፕሌት ላይ ዘራሁት። በማግስቱ ሳየው ዓይነቱ የበዛ ነገር በቅሏል፤ ሳልሞኔላ የሚመስል ግን አንድም የለም። «አልተገኘም» ብዬ ፈረምኩና ወረቀቱ ሄደ።

ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩን። ለማንም ሳይናገሩ ከዚያው ክትፎ 25 ግራም መዝነው ፔፕቶን ውኃ በሚባል ለባክቴሪያ ምግብ በሚሆን ፈሳሽ ውስጥ አሳድረውት ኖሯል። ምግብ ውስጥ ያለ ሳልሞኔላ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ቅዝቃዜውና ቅመሙም ያዳክመዋል፤ መጀመሪያ ማገገም አለበት። በማግስቱ ከዚያ ቀንሰው ሳልሞኔላን ከሌሎች ባክቴሪያዎች አስበልጦ ወደሚያሳድግ ፈሳሽ፣ ወደ ቴትራታዮኔት ብሮዝ አዛወሩት። እሳቸው ግን ብሮዝ አይሉም፣ «ሾርባው» ነው የሚሉት። በአራተኛው ቀን ፕሌቱን ያለ ቃል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ዙሪያው ቀይ፣ መሐሉ ጥቁር የሆነ ነጠብጣብ ሞልቶበታል። የፈረምኩትን ወረቀት ለማስመለስ የሄድኩበት መንገድ እስከ ዛሬ ይረዝምብኛል።

የቴትራታዮኔት ሾርባ አሠራር እንዲህ ነው። መሠረቱ ታዮሰልፌት የሚባል ድኝ ያለበት ጨውና ጠመኔ ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ልትጠቀሙበት ስትሉ አዮዲን ትጨምሩበታላችሁ፤ አዮዲኑ ታዮሰልፌቱን ወደ ቴትራታዮኔት ይለውጠዋል። አዮዲን ከገባ በኋላ እሳት አይነካውም። ጠመኔው ከሥር ስለሚዘቅጥ ወደ ቱቦ ስትቀዱ ጠርሙሱን እየነቀነቃችሁ ነው። እኔ ይህንን አሠራር በቃሌ አውቀው ነበር። እትዬ አንድ ቀን ሲነቀንቁ ቆዩና፣

«ለመሆኑ ይህን ነገር ሳልሞኔላ ምን ያደርገዋል?» አሉኝ።

«ይተነፍስበታል እትዬ፤ እኛ በኦክስጅን እንደምንተነፍሰው» አልኳቸው፣ ከመጽሐፍ።

«እሱስ ይሁን። እኛ በአዮዲን የምንሠራውን ነገር እሱ የት አግኝቶት ለመደው?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ጥያቄውም ሞኝነት መስሎኝ ነበር።

ያ ሾርባ ሙለር በሚባል ተመራማሪ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። በየአገሩ ያለ ላቦራቶሪ ከሰው ሰገራና ከምግብ ሳልሞኔላን ለማውጣት ስንት ዘመን ሲጠቀምበት ኖሯል። የእትዬ ጥያቄ መልስ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ ያገኙትም በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የአንድሪያስ ቦይምለር ቡድን አባላት ናቸው። ጽሑፉን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳልሞኔላ አንጀት ሲደርስ መርፌ በመሰለ መሣሪያ የራሱን ፕሮቲኖች ወደ አንጀት ግድግዳ ሕዋስ ይወጋል፤ ሕዋሱም ሳይወድ ሽፋኑን አጥፎ ይውጠዋል። ሰውነት ይቆጣል፣ ነጭ የደም ሴሎች ይዘምታሉ፣ ተቅማጡና ትኩሳቱ ይከተላል። እኛ ለረጅም ጊዜ ይህ ቁጣ ባክቴሪያውን የሚያባርር ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን በጤናው ጊዜ የአንጀት ነባር ባክቴሪያዎች የገማ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ያወጣሉ፤ የአንጀት ግድግዳም ራሱን ከመርዙ ለመጠበቅ ጋዙን ወደ ታዮሰልፌት ይለውጠዋል። ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያ ለመግደል የሚረጩት ኬሚካል ደግሞ ታዮሰልፌቱን ሲያገኘው ቴትራታዮኔት ያደርገዋል። አዮዲኑ በጠርሙስ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው! ነባሮቹ ኦክስጅን በሌለበት እንደ ሊጥ እያቦኩ የሚኖሩ ናቸው፤ ሳልሞኔላ ግን በመሐላቸው መተንፈስ ይጀምራል፣ በቁጥርም ይበልጣቸዋል። ቤቱን አቃጥሎ በፍሙ ወጥ የሚሠራ እንግዳ በሉት።

እንደ እትዬ ያለ ጥያቄ የሚመጣው ሁሉም በየቀኑ የሚያየውን ነገር ልብ ከማለት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። ልብስ ሲታጠብ ያላየ ማን ነበር?

እንግዲህ እናንተ የባክቴሪያን ሙሉ ዘረመል በቀናት የምታነቡ ትውልድ ናችሁ፤ እቀናባችኋለሁ። ግን ጠርሙስ ማጠብን፣ ሚዲያ (የባክቴሪያውን ምግብ) ማብሰልን ለቴክኒሻኑ ብቻ አትተዉት። ቢያንስ አንድ ዓመት በእጃችሁ ሥሩት። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ባክቴሪያውን የምታሞቁበት ኢንኩቤተር ከቀዘቀዘ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ፕሌቱ ያማረ ቢሆንም ጻፉት። «አልተገኘም» ከማለታችሁ በፊት እንዴት እንደፈለጋችሁ አብራችሁ ጻፉ፤ እኔ ያን ጊዜ ይህን አንድ መስመር ጽፌ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን የተቀበለው ሰው ራሱ በጠየቀኝ ነበር።

ደግሞ፣ ከርዕሴ ልውጣና፣ በየክሊኒኩ በአንድ ጠብታ ደም «ታይፎይድ አለብህ» የሚባለው ነገር ያናድደኛል። ታይፎይድን የሚያመጣው አንዱ የሳልሞኔላ ዓይነት ነው፤ በደም የሚደረገው የዊዳል ምርመራ ግን እ.ኤ.አ. የ1896 ሥራ ነው፤ የሚያሳየውም ባክቴሪያውን ሳይሆን ፀረ-አካሉን ነው፤ ድሮ የታመመም፣ በሌላ ሳልሞኔላ የተያዘም ሰው ሊያሳይ ይችላል። ካልቸር መሥራት፣ ማለትም ባክቴሪያውን ራሱን አብቅሎ ማየት የምትችሉ እናንተ ናችሁ። ሐኪሞቹን ቡና ጋብዙና ንገሯቸው።

ጽሑፉን ያነበብኩ ዕለት ማታ ለእትዬ ደወልኩላቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ እየጮህኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ሣቁ። «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን የቤቱን ምግብ ነው ስናቀርብለት የኖርነው!» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣

«እሺ፣ ሺጌላስ?» አሉኝ። «እሱም አንጀት ያቆጣል፣ ደም ያስቀምጣል። በዚያ ሾርባ ግን አንድ ቀን እንኳ በወጉ በቅሎልን አያውቅም። ያው ቤት ተቃጥሎ፣ ፍሙም እያለ፣ እሱ ለምን አልለመደውም?»

«አላውቅም እትዬ።»

«በል አንብብና ነገ ደውልልኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት።