«ያላደረገችውን መች አልኩ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። አብራኝ የምታገለግል አንዲት እኅት ከዓመት በፊት ገንዘብ ተበድራኝ እስካሁን አልመለሰችልኝም። ነገሩ ሲከነክነኝ ለአራት ጓደኞቼ ነገርኳቸው። ከአራቱ አንዷ ሄዳ ነገረቻት። እሷም «ስሜን አጠፋሽው» ብላ ተቀየመችኝ፤ ከአገልግሎትም ቀረች። እኔ ግን አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ መበደሯን ራሷም አትክድም። እውነት መናገር ሐሜት ነው ወይ? ንስሐ ልገባበት ይገባል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አዎ፣ ሐሜት ነው። ንስሐም ያስፈልገዋል። «ያላደረገችውን መች አልኩ?» የሚለውን መከላከያ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። እኔም ራሴ ብዬው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከላይ ሆኜ እየፈረድኩብሽ አይምሰልሽ።

ጥፋቱ ከቃሉ አያያዝ ይጀምራል። ስም ማጥፋት ስንል ብዙ ጊዜ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ማስወራትን ነው። ከዚያ ተነሥተን «ውሸት ከሌለበት ኃጢአት የለበትም» እንላለን። ሐሜት ግን ባለቤቱ በሌለበት ነውሩን ማውራት ነው፤ ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት ስሙን አይቀይረውም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የተባለው ለዚሁ ነው። (አንዳንድ ሰባክያን ሐሜትን ከሕመም ጋር ያዛምዱታል። ለስብከት ያምራል፤ ነገር ግን ሐሜት ሐመየ ከሚለው የግእዝ ግስ፣ ሕመም ደግሞ ሐመመ ከሚለው የወጡ ናቸው፤ ዘራቸው ለየቅል ነው።) ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ፣ ሴቶች «የማያሙ» ሊሆኑ ይገባል ብሎ ሲጽፍ (1ኛ ጢሞ 3፥11) በጽርዑ (በግሪክኛው) የተጠቀመበት ቃል ዲያብሎስ የምንለው ስም ራሱ ነው፤ በብዙ ቁጥር። ይህን ያወቅሁ ዕለት ደንግጫለሁ።

አሁን ዘኍልቍ ምዕራፍ 12ን ክፈቺ። እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን ሙሴን ያሙት ኢትዮጵያዊቷን ስላገባ ነው። አግብቷታል ወይ? መጽሐፉ ራሱ «አግብቶአልና» ይላል። እንግዲህ ወሬው እውነት ነበር። ቀጣዩ ቁጥር ግን የሆዳቸውን ያወጣዋል፤ «እግዚአብሔር በሙሴ ብቻ ተናግሮአልን?» አሉ። ጋብቻው የወሬው መግቢያ በር ሆነላቸው እንጂ ያንገበገባቸው የወንድማቸው ክብር ነው። ከዚያ አጭር ዓረፍተ ነገር ይከተላል፦ «እግዚአብሔርም ሰማ።» ማርያም ለምጽ ወጣባት፤ 7 ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች፤ ያ ሁሉ ሕዝብ እሷ እስክትመለስ ጉዞውን አቋርጦ ጠበቀ። አድናት ብሎ የጮኸላት ደግሞ ማን ነው? ያው የታማው ሙሴ።

ኤዶማዊው ዶይቅም ዳዊትን ያሳድድ ለነበረው ለንጉሥ ሳኦል የነገረው ያየውን ነው። የኖብ ካህን ለዳዊት ስንቅና የጎልያድን ሰይፍ ሰጥቶት ነበር፤ ዶይቅ ይህን ተናገረ። በዚያች ቀን 85 ካህናት ታረዱ (1ኛ ሳሙ 22)።

አንቺ ስትናገሪ የነበረውን ሁኔታ አስታውሺው። ድምፅሽ ዝቅ አላለም? ዓይንሽ ወደ በሩ አላየም? «በእኔና በአንቺ ይቅር» አላልሽም? በዚያች ደቂቃ ልጅቷ ብቅ ብትል ኖሮ የጀመርሽውን ዓረፍተ ነገር ትጨርሽው ነበር ወይስ ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞር ነበር? መልሱን ለራስሽ ተዪው። «እንድትጸልዩላት ብዬ ነው» የሚባለውን ደግሞ ባልሽው ኖሮ ይበልጥ እቆጣሽ ነበር።

ግን ተጠንቀቂ፤ ይህን ትምህርት ገልብጠው ለክፋት የሚጠቀሙበትም አሉ። ሕፃን የሚጎዳ፣ የድኻ ገንዘብ የሚበላ ሰው ሲጋለጥ «ሐሜት ነው፣ ዝም በሉ» ይላሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ማስቆም ለሚችል ሰው ፊት ለፊት መናገር ግዴታ ነው። በቆሮንቶስ ክርክር እንዳለ የቀሎዔ ቤተ ሰዎች ለጳውሎስ ነገሩት፤ እርሱም ማን እንደነገረው በደብዳቤው በግልጥ ጻፈው (1ኛ ቆሮ 1፥11)። የነገሩት ሊያቃና ለሚችል ነው፤ ስማቸውም አልተደበቀም። የአንቺ አራት ጓደኞች ግን ገንዘቡን ሊያስመልሱልሽ ይችሉ ነበር? አይመስለኝም። የፈለግሽው «አይ፣ እሷማ…» የሚልልሽ ሰው ነው።

ዮሴፍን እዪው። እመቤታችን ፀንሳ ባገኛት ጊዜ ምሥጢሩን ገና አላወቀም፤ ቢያወራ ማንም «ዋሸህ» አይለውም ነበር። ወንጌሉ ግን «ጻድቅ ሆኖ ሊገልጣት ስላልወደደ» ይላል (ማቴ 1፥19)።

ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ወደ አራቱም ሂጂና «ዋሽቼ ነበር» ሳይሆን «ለእናንተ መንገር አልነበረብኝም» በያቸው፤ ያልዋሸሽውን ዋሸሁ ማለት ሌላ ውሸት ይሆናል። ቀጥሎ ወደ እሷ ሂጂ፤ ብቻሽን። ገንዘቡ ያንቺው ነው፤ ይቅርታ ስለጠየቅሽ ዕዳው አይሰረዝም። ጌታ «ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ያለው መንገድም ክፍት ነው (ማቴ 18፥15)፤ ከመጀመሪያው በዚያ ብትሄጂ ኖሮ ይህን ጥያቄ አትጽፊልኝም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግን የገንዘቡን ነገር ጨርሶ አታንሺባት፤ ይቅርታ ብለሽ ዕዳዋን ከጠየቅሻት የመጣሽው ለብድሩ ይመስላታል።