አዲሱን ታብሌት አሁኑኑ ልዘዝ ወይስ ልቆይ? ላሉት

እኔ ይቆዩ ነው የምለው። በማስተዋወቂያ መድረክ ላይ የማያምር ታብሌት የለም። ጉዱ የሚታወቀው ሰው እጅ ሲገባ ነው። ብላክቤሪ ፕሌይቡክ የተባለው ታብሌት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ የራሱ የኢሜይል መተግበሪያ እንኳ አልነበረውም፤ ያውም በኢሜይል ስሙ የገነነ ድርጅት! የዚያው ዓመት የኤችፒ ታችፓድ ደግሞ የባሰ ነው። ገበያ ከገባ 2 ወር ሳይሞላው ድርጅቱ ተወው። በ499 ዶላር የጀመረው ታብሌት በ99 ዶላር ተቸበቸበ። ቀድመው የገዙት ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ስለ ፕሮሰሰሩ (የታብሌቱ አንጎል ስለሆነው ቺፕ) ብዙ አይጨነቁ። የሚፈልጓቸው መተግበሪያዎች ይሠሩበታል ወይ? የሶፍትዌር ማሻሻያ ለስንት ዓመት ይላክለታል? ዋናው ይሄ ነው። አምራቹ የሚናገረውንም የባትሪ ሰዓት እንዳለ አይመኑት፤ ብዙ ጊዜ የሚለካው ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ ነው። ገዝተው የተጠቀሙበት ሰዎች የሚሉትን ሳይሰሙ ገንዘብዎን አያውጡ።