ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከወገቤ የተነሳው ህመም አውራ ጣቴ ድረስ ወረደ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ42 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። ሥራዬ እንጨት ነው፤ በርጩማና ወንበር እጠርባለሁ። ከሰባት ሳምንት በፊት እርጥብ የዋንዛ ግንድ ብቻዬን ላነሳ ስል ወገቤን ቀጭ አደረገኝ። በማግስቱ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። አሁን ህመሙ ከወገቤ ተነስቶ በግራ ቂጤና በጭኔ ጎን አድርጎ እስከ አውራ ጣቴ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ሲያስነጥሰኝ ይብሳል። አንዱ ኩላሊት ነው ይለኛል፣ ሌላው ብርድ ነው ይለኛል። ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሽቻለሁ። ከፋርማሲ የዳይክሎፌናክ መርፌ እየገዛሁ ስንቴ እንደተወጋሁ አላውቅም፤ ጨጓራዬም ተነስቷል። ራጅ ተነስቼ «በአጥንቶቹ መሃል ያለው ቦታ ጠቧል» ተባልኩ። ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ሄደህ ኤምአርአይ ተነሳ፣ ኦፕራሲዮን ግን እንዳትሞክረው፣ ሽባ ትሆናለህ ይለኛል። ከሰዓት ጫት ስቅም ትንሽ ይተወኛል፤ ሌሊቱ ግን አይነጋም። አራት ልጆች አሉኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ

ፈጣሪ ይማርዎ ወንድሜ። ሰባት ሳምንት በደንብ ሳይተኙ ማደር ቀላል ነገር አይደለም። ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ከጻፉልኝ ሁሉ ብዙ የነገረኝ አውራ ጣትዎ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳዎ። የታችኛው ወገባችን አምስት አጥንቶች አሉት። በአጥንቶቹ መሃል ዲስክ የምንለው ትራስ አለ። ውጪው እንደ ጎማ ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። ጎንበስ ብለን፣ በተለይ ዞር እያልን ከባድ ነገር ስናነሳ የውጪው ግድግዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያኔ የውስጡ ነገር ሾልኮ ይወጣል። ሰው «ዲስክ ተንሸራተተ» የሚለው ይሄንን ነው። እንደ እውነቱ ግን ዲስኩ ከቦታው አልሄደም፤ የሾለከው ትንሽ ክፍሉ ነው። እሱ አጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫነዋል፣ ያስቆጣዋል። የአምስተኛው የወገብ ነርቭ መንገድ ደግሞ ይታወቃል። በቂጥ፣ በጭን ጎን፣ በቅልጥም ጎን አልፎ የእግር አናት ላይ ይወጣና አውራ ጣት ጋ ይደርሳል። እርስዎ የጻፉልኝ መንገድ ይሄው ነው። ሲያስነጥስዎ የሚብሰውም ሆድ ውስጥና በነርቮቹ ዙሪያ ያለው ግፊት ድንገት ስለሚጨምር ነው።

ኩላሊት አይመስለኝም። እዚህ ጅማ ወገቡን ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛው «ዶክተር፣ ኩላሊቴን» እያለ ነው የሚገባው። የኩላሊት ህመም ግን ከፍ ይላል፤ ከጎድን አጥንት ሥር ነው የሚቀመጠው። ብዙ ጊዜ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሽንት ማቃጠል ወይም ደም አብሮት ይመጣል። አውራ ጣት ድረስ አይነዝርም። በሽንትና በደም ምርመራ ጥርጣሬዎን መዝጋት ይችላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ህመሙ ከኩላሊት ባይመጣም፣ ያ ሁሉ መርፌ ኩላሊትዎን ሊጎዳው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን ልጠይቅዎ። ሽንትዎ እንደ ድሮው ይወጣል? ሰገራዎን ይቆጣጠራሉ? በብልትዎና በፊንጢጣዎ ዙሪያ፣ ፈረስ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻው የሚነካው ቦታ፣ ደንዝዟል? ሁለቱም እግርዎ እየዛለ ነው? ከእነዚህ አንዱ እንኳን ካለ ይሄን ጽሑፍ እንኳን አይጨርሱ። አሁኑኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የታችኞቹ ነርቮች በሙሉ ታፍነው ሊሆን ይችላል። በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ በኦፕራሲዮን ካልተፈታ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ብዙ ወንዶች ስለ ሽንትና ስለ ብልት ማውራት ያፍራሉ። እባክዎ አይፈሩበት፤ ሐኪሙ ባይጠይቅዎ እንኳን እርስዎ ይንገሩት።

ሌላም አለ። አንዲት እናት ከዓይኔ አይጠፉም። አንድ ዓመት ሙሉ «ዲስክ ነው» እየተባሉ መርፌ ሲወጉ ኖረዋል። ነጠላቸውን አውርደው ጀርባቸውን ሳይ፣ አከርካሪያቸው መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። በጣቴ ነካ ሳደርጋት ዘለሉ። ሌሊት ያልባቸው ነበር። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው በመቀነት ነው የሚያስሩት። ሳል የሚባል አልነበራቸውም። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አጥንት ውስጥም ይገባል። እዚህ አገር የወገብ ህመም ሲባል ይሄን መርሳት የለብንም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይሰጣል፤ ለአጥንት ሲሆን እስከ 12 ወር ይወሰዳል። ያልፈላ ወተት የሚጠጡና ከብት የሚያረቡ ሰዎች ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ወገባቸውን ሊይዘው ይችላል። እርስዎ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክሳት አልጻፉልኝም። ህመሙም የጀመረው ግንድ ሲያነሱ ነው። ቢሆንም ከእነዚህ አንዱ ካለ ለሐኪምዎ ይናገሩ። ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረበት፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ፣ ወይም ወድቆ ወገቡን የተመታ ሰውም እንደዚሁ ቶሎ መታየት አለበት።

አሁን አንድ ነገር ይሞክሩ። ግድግዳ ይዘው በተረከዝዎ ብቻ ቁሙ፤ ጣቶችዎ ወደ ላይ ይነሱ። እንደዚያው አሥር እርምጃ ይሂዱ። የግራው እግር ጣቶች ከቀኙ እኩል ካልተነሱ፣ ወይም ሲራመዱ እግርዎ መሬት የሚጠርግ ከሆነ፣ ነርቩ መታመም ብቻ ሳይሆን ጉልበትም አጥቷል ማለት ነው። ያኔ ነገ ዛሬ ሳይሉ መታየት አለብዎ። እኩል ከተነሱ ግን ጥሩ ዜና ነው፤ ጊዜ አለን።

የራጁን ነገር ላንሳ። «ቦታው ጠቧል» ሲባሉ ደንግጠዋል፤ ከአጻጻፍዎ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ምንም የማያማቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች የተነሱትን የአከርካሪ ምስል አሰባስቦ አይቶ ነበር። በ40 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት ውስጥ 68 በመቶዎቹ ዲስካቸው አርጅቷል። ግማሾቹ ዲስካቸው ወደ ውጪ አብጧል። እነዚህ ሰዎች ግን ወገባቸውን አያማቸውም ነበር። ዲስክ እንደ ጸጉር ነው፤ ይሸብታል። ራጅ ላይ የሚታየው ጥበት ስለ ዕድሜዎ እንጂ ስለ ህመምዎ ብዙ አይናገርም። የሾለከውን ነገርና ነርቩንም ራጅ አያሳይም። ኤምአርአይ ያሳያል። ግን ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ውጤቱ ሕክምናውን የሚቀይር ሲሆን ነው፤ ኦፕራሲዮን ስናስብ ወይም ቲቢና ካንሰር ስንጠረጥር። ስለዚህ ለአሁኑ ገንዘብ ተበድረው አዲስ አበባ አይሂዱ።

መርፌውን ዛሬ ያቁሙ። ስለዚህ ነገር ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። የዳይክሎፌናክ መርፌ ከኪኒኑ የተለየ ኃይል የለውም። ጨጓራን ያቆስላል፣ ያደማል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ቂጥ ላይ ቦታውን ስቶ የተወጋ መርፌ ደግሞ ያንኑ የታመመውን ነርቭ ሊመታው ይችላል። መርፌ ተወግቶ እግሩ የወደቀ ሰው አይቻለሁ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከሆነ የጨጓራ መድማት ነውና በፍጥነት ይሂዱ። ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ (እብጠትና ቁጣን የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት) ቀላቅለው የሚወጉ ቦታዎችም አሉ። ለሁለት ቀን ተአምር ይመስላል፤ ሲደጋገም ግን ስኳር ያስነሳል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ቲቢንም ይቀሰቅሳል። የተወጉት ምን እንደሆነ የማያውቁ ከሆነ ይጠይቁ። የቫይታሚን ቢ መርፌም የቫይታሚኑ እጥረት ለሌለበት ሰው ጥቅም የለውም።

ታዲያ በምን ይታገሱ? ጨጓራዎ እስኪረጋጋ አይቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ። ከተረጋጋ፣ ኩላሊትዎና ግፊትዎም ደህና ከሆነ፣ ሐኪምዎ የጨጓራ መከላከያ ጨምሮ ለአጭር ጊዜ ሊያዝልዎ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ላይ ግን በፍጹም። ሙቀት ይረዳል። ሙቅ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉና በፎጣ ጠቅልለው ወገብዎ ላይ ያኑሩ። እግርዎ የደነዘዘበት ቦታ ላይ ግን አያድርጉ፤ ሳይሰማዎት ያቃጥልዎታል።

ለሌሊቱ አንድ ዘዴ አለኝ፤ ዕቃውም ከእጅዎ ነው። መሬት ላይ ፍራሽ ያንጥፉና በጀርባዎ ይተኙ። ባትዎን ራስዎ በጠረቡት በርጩማ ላይ ይስቀሉ፤ ትንሽ ጨርቅ ያንጥፉበት። ጭንዎ ወደ ላይ ቀጥ ይላል፣ ጉልበትዎ ይታጠፋል። በዚህ አኳኋን ነርቩ ላይ ያለው ውጥረት ይቀንሳል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆዩ፤ ብዙ ሰው ተንፈስ ይላል። ከዚያ በቀኝ ጎንዎ ዞረው፣ በጉልበቶችዎ መሃል ትራስ አድርገው ይተኙ። ሲነሱ ቀጥ ብለው አይነሱ። በጎን ዞረው፣ እግርዎን አውርደው፣ በእጅዎ ገፍተው ይነሱ።

ቀን ቀን ግን አይተኙ። ሰው «ዕረፍት» ሲባል አልጋ ይመስለዋል። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መተኛት ጡንቻውን ያዝላል፣ ህመሙንም ያራዝማል። ይራመዱ። ሜዳ ሜዳውን፣ በመጀመሪያ አምስት ደቂቃ፣ በቀን አራት አምስቴ። ወደ ጅሬን የሚወስደው ዳገት ለጊዜው ይቆይዎት። ሲራመዱ ትንሽ ቢያምዎት ጉዳት እየደረሰ ነው ማለት አይደለም። ህመሙ ከጣትዎ ወጥቶ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ወገብዎ ቢብስ እንኳን ደስ ይበልዎ፤ ነርቩ እየተለቀቀ ነው። ወደ ታች ከወረደ ያንን እንቅስቃሴ ይተዉት። በሆድዎ ተኝተው በክርንዎ ተደግፈው ደረትዎን ቀና ማድረግም በዚሁ መለኪያ ይሞከራል። ቀሪውን የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት ያሳይዎታል። ዳንም ካሉ በኋላ እግርዎን አይሰብስቡ። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት፣ ከወገብ ህመም ያገገሙ ሰዎች ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ወደ መራመድ ሲደርሱ ህመሙ የሚመለስበት ጊዜ ከ112 ቀን ወደ 208 ቀን እንደራቀላቸው አሳይቷል።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ቀስ ብሎ ማሸት ጡንቻ ያፍታታል፤ አልቃወምም። ጀርባ ላይ መቆም፣ መጎተትና ማንቋቋት ግን ይቅር። ያ የነገርኳችሁ ዓይነት ጉብታ ያለበት ሰው ላይ ቢቆሙ እግሩን ለዘላለም ሊያጣ ይችላል። መተኮስና ዋግምትም ቁስልና የጉበት በሽታ ሊያመጡ ይችላሉ እንጂ ነርቩ ጋ አይደርሱም።

ስለ ጫቱ አልቆጣዎትም። ሲቅሙ የሚተውዎት እውነት ነው፤ ያነቃቃል፣ ህመሙንም ለጊዜው ያስረሳል። ግን ለሦስት አራት ሰዓት በአንድ ክርን ተደግፈው ጎብጠው ሲቀመጡ ዲስኩ እየተጫነ ነው። ማታ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳዎታል። ያልተኛ ሰው ህመም በማግስቱ ይበረታል። «ሌሊቱ አይነጋም» ካሉት ውስጥ የጫቱ ድርሻ ትንሽ አይመስለኝም። ለሁለት ሳምንት ይተዉትና እንቅልፍዎን ይዩ። ጨጓራዎም ያመሰግንዎታል።

ሥራዎን አይተዉ፤ አሠራሩን ይቀይሩ። እንደማስበው መሬት አጠገብ ተቀምጠው፣ እንጨቱን በእግርዎ መሃል ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ነው በመሮ የሚጠርቡት። እንጨቱን የሚያስሩበት ጠረጴዛ እስከ ክርንዎ ቁመት ከፍ ይበል። ግማሹን ቆመው ይሥሩ። በየግማሽ ሰዓቱ መሮውን አስቀምጠው ቀና ይበሉ። ግንድ ለሁለት ሰው ነው። ቀለል ያለውንም ቢሆን በጉልበትዎ በርከክ ብለው፣ ሆድዎ ላይ አስጠግተው ያንሱ፤ ይዘውም ወገብዎን አይጠምዝዙ። የወገብ ቀበቶ ግዙ የሚሏችሁን አትስሙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ህመም አይመክረውም።

ኦፕራሲዮኑ ሽባ ያደርጋል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አስቀርቷል። አደጋ የሌለው ኦፕራሲዮን የለም። በዚህ ግን ሽባ መሆን እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሽባ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ሳይታከሙ የቀሩት ቲቢና የታፈነ ነርቭ ናቸው። እንደ እርስዎ ከስድስት እስከ 12 ሳምንት እግራቸውን ያመማቸው 283 ሰዎች ኔዘርላንድስ ውስጥ ተጠንተው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ቶሎ ኦፕራሲዮን የሆኑት ህመሙ ፈጥኖ ተዋቸው። ከጠበቁት መሃል 39 በመቶዎቹ በኋላ ኦፕራሲዮን ሆነዋል፤ የቀሩት አላስፈለጋቸውም። ከዓመት በኋላ ግን ሁለቱም ወገን 95 በመቶው ድኛለሁ አለ። የሾለከውን ዲስክ ሰውነት ራሱ ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ትልቁን ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ የእግርዎ ጉልበት ደህና ከሆነ አምስት ስድስት ሳምንት እንሞክር። ካልቀለለ ወይም ተረከዝ ላይ መቆም ካቃተዎ፣ ያኔ ኤምአርአይና የቀዶ ሐኪም ተገቢ ናቸው።

በዚህ ሳምንት በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። የጤና መድን ካለዎት የሪፈራል ወረቀቱን ከዚያ ይያዙ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ክፍያው በራስዎ ሊሆን ይችላል። ሽንት፣ ደም፣ ኩላሊትና ግፊት ይታይልዎ። ሲሄዱ የራጁን ፊልም ይያዙ። የተወጉባቸው የመርፌ ብልቃጦች ቤት ውስጥ ከተረፉ እነሱንም በፌስታል አድርገው ይውሰዱ።