ነጩ ገጽ ዓይን ሲወጋ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ ሰነድ ስንከፍት የምናየው የፊደልና የባክግራውንድ ቀለም። አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ፒዲኤፍ ሳነብ ነው የምውለው። ነጩ ዓይኔን ይወጋኛል። ባክግራውንዱን ብቀይረው ፋይሉ ይበላሽብኛል?

መልስ፦ አይበላሽም። እንዲያውም አብዛኛው ፒዲኤፍ ውስጥ ነጭ የሚባል ቀለም ጭራሽ የለም። ፋይሉ የሚናገረው የትኛው ፊደል የት እንደሚቀመጥና ምን ቀለም እንዳለው ነው። ቀለሙ ካልተጠቀሰ ጥቁር ይሆናል። ከሥር ነጭ ወረቀት የሚያነጥፈው ማንበቢያው ሶፍትዌር ራሱ ነው። ሌላ ቀለም እንዲያነጥፍ ቢያዙት ፋይሉን አይነካውም። ለሰው ቢልኩትም እሱ ጋ እንደ ድሮው ነጭ ሆኖ ይከፈታል።

በኮምፒውተር አክሮባት ሪደር የሚጠቀሙ ከሆነ ፕሪፈረንስስ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ይክፈቱ። «ሪፕሌስ ዶክመንት ከለርስ» ላይ ምልክት ያድርጉና «ከስተም ከለር» ብለው የገጹንና የፊደሉን ቀለም ይምረጡ። ሁለቱንም ይምረጡ፣ አደራ። ገጹን ብቻ አጥቁረው ፊደሉን ከተዉት ጥቁር በጥቁር ሆኖ ቁጭ ይላል። ኦኩላር የሚባለው የፒዲኤፍ ማንበቢያ ላይ ደግሞ ፊደሉን ሳይነካ ወረቀቱን ብቻ የሚያቀልም አማራጭ አለ። እኔ ፈዘዝ ያለ ክሬም አድርጌበት ከርሜያለሁ፤ ወደ ነጩ የመመለስ ሐሳብ የለኝም።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ አድርጌዋለሁም። አንዳንዱ ፋይል ግን ወይ ፍንክች!

መልስ፦ ስካን የተደረገ ሳይሆን አይቀርም። ፊደሉን በጣም አጉልተው ይዩት። ጠርዙ ከተቆራረሰና ከደበዘዘ ፊደል ሳይሆን ፎቶ ነው። ነጩም የፎቶው አካል ስለሆነ ሶፍትዌሩ ከሥር ያነጠፈው ቀለም ተሸፍኖ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚሠራው የሙሉ ገጹን ቀለም መገልበጥ ነው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ይሆናል። ኤቪንስ የሚባለው ማንበቢያ ላይ ኮንትሮልና አይ (Ctrl+I) ሲጫኑ ይገለበጣል። ጣጣው፣ ገጹ ላይ የሰው ፎቶ ካለ እንደ ድሮ ፊልም ኔጋቲቭ ጥርሱ ጠቁሮ ይታያል።

ጥያቄ፦ ሊብሬኦፊስ ላይ ገጹን ጥቁር አድርጌ ነው የምጽፈው። ከኢንተርኔት ኮፒ አድርጌ የለጠፍኩት ጽሑፍ ግን ጠፋብኝ። ቦታው አለ፣ ፊደሉ የለም።

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት፤ እኔንም አንድ ምሽት ሙሉ አድክማኛለች። ፊደሎቹ አሉ፣ ጥቁር ላይ ጥቁር ሆነው ነው። እርስዎ የሚጽፉት ቀለሙ «አውቶማቲክ» ነው። አውቶማቲክ ማለት ጥቁር ማለት አይደለም፤ ባክግራውንዱን አይቶ የሚገለባበጥ ነው። ነጭ ላይ ይጠቁራል፣ ጥቁር ላይ ይነጣል። የለጠፉት ጽሑፍ ግን «ጥቁር ነኝ» የሚል ትእዛዝ ይዞ ስለመጣ ንቅንቅ አይልም። ጽሑፉን መርጠው የፊደል ቀለሙን ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት። ሲቀጥል ደግሞ ያለ ፎርማት መለጠፍን ይልመዱ። ለሰው የሚላክ ሰነድ የሚያዘጋጁም ልብ ይበሉ፦ የፊደሉን ቀለም በግድ ከወሰኑ ባክግራውንዱንም ይወስኑ፤ አለዚያ ሁለቱንም ይተዉ። ኢ-ቡኮች ማታ ማታ የማይነበቡት ብዙ ጊዜ አዘጋጁ አንዱን ወስኖ ሌላውን ስለረሳ ነው።

ጥያቄ፦ ወርድ ላይ ገጹን ቀለም ቀብቼው ፕሪንት ሳደርግ ነጭ ሆኖ ወጣ።

መልስ፦ ሲሠራ እንደዚያ ነው፤ ቀለምዎን ለመቆጠብ። የግድ ከፈለጉት ኦፕሽንስ፣ ዲስፕለይ ውስጥ ባክግራውንድ እንዲታተም የሚፈቅደውን ሳጥን ያብሩት።

ጥያቄ፦ ድቅድቅ ጥቁር ላይ ደማቅ ነጭ ፊደል ለዓይን ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንደ ሰው ዓይን ነው። አስቲግማቲዝም (እይታን የሚያደበዝዝ የዓይን ቅርጽ ችግር) ያለባቸው ብዙዎች ነጩ ፊደል ዙሪያውን ሲፈካባቸው ያያሉ። ጥቁርና ነጭ የሚደርሱበት የንፅፅር ልክ፣ ማለትም በፊደሉና በባክግራውንዱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት፣ 21 ለ 1 ነው፤ ከዚህ በላይ የለም። ለድረ ገጽ ተደራሽነት የወጣው መመሪያ ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ደግሞ 4.5 ለ 1 ነው። በሁለቱ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ጥቁር ግራጫ ላይ ፈዛዛ ነጭ ይሞክሩ። ባትሪ ይቆጥባል የሚባለው ኦሌድ ስክሪን ላይ እውነት ነው፣ ጥቁሩ ቦታ ስለሚጠፋ። ኤልሲዲ ላይ ግን ከኋላ ያለው መብራት እንደበራ ነው።