ደመወዝ ብሎ ያመጣው ብድር ነበር

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት የሥራ ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣ ነበር። ለካ ከሥራ ከተሰናበተ ሦስት ወር አልፎታል! ጎረቤቴ ዓሣ ልትገዛ አሞራ ገደል ሄዳ፣ ሐይቁ ዳር ብቻውን ቁጭ ብሎ አየችው። ደመወዝ ብሎ የሰጠኝ ብር ከጓደኞቹ የተበደረው ነው። ሥራ ማጣቱ አይደለም፣ ውሸቱ ነው ያቃጠለኝ። አሁን ደግሞ «ለእናቴ እረፍት ወጥቶ ነው በይልኝ» ይለኛል። እንዴት ልመነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መናደድሽ ትክክል ነው። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» ቢልሽም፣ ሦስት ወር ሙሉ ዕቁቡንም አስቤዛውንም የከፈልሽው አለ ባልሽው ደመወዝ ነው። አውቀሽ የመወሰን ዕድል ነው የነፈገሽ።

ክፉ ሰው ነው ማለት ግን አይደለም። እኛ አገር አባወራ ባዶ እጁን ቤት መግባት ሞት ነው። «እስከ ሰኞ ሌላ ሥራ አላጣም» ብሎ ዝም ያለ ይመስለኛል። ሰኞ አለፈ፤ ከዚያ ውሸት ውሸትን ጎተተ። ለንደን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሰው ለጥቅሙ ደጋግሞ ሲዋሽ አሚግዳላ የተባለው ከስሜት ጋር የተያያዘ የአንጎል ክፍል ምላሹ እየቀነሰ፣ ውሸቱም እየገዘፈ እንደሚሄድ አሳይቷል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። በትዳር ግን እያደር የሚወጣ እውነት ነው ይበልጥ የሚጎዳው። ዛሬ አንድ ዕዳ፣ በሳምንቱ ሌላ ሲሰማ ቁስሉ እንደገና ያመረቅዛል። ስለዚህ አንድ ማታ ተቀመጡ። ከማን፣ ስንት፣ መቼ እንደሚመለስ ወረቀት ላይ በእጁ ይጻፍ። የቴሌብር ብድር ካለበትም ይጨምር። እየጻፈ አትጩኺበት። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ከጮኽሽ ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ስሞች ይውጣቸዋል። ቁጣሽን በማግስቱ ንገሪው፣ ሳትቀንሺ።

እንዴት ልመነው ላልሽው፣ አሁኑኑ ማመን የለብሽም። ለጥቂት ወራት ሒሳቡን በየሳምንቱ አብራችሁ እዩ። ሳትጠይቂው መናገር ሲጀምር ልዩነቱ ይገባሻል።

ለእናቱ አትዋሺለት። ከጠየቁሽ «ራሱ ይንገርዎት» በያቸው። ሊነግራቸው ሲሄድ አብረሽው ሂጂ፤ ወሬውን ግን እሱ ይጀምር።